የሐይቁ አጋር

ሂልካ እባላለሁ፤ ከኢናሪ ሐይቅ ዳር
ሠላሳ አንድ ክረምት ስመዝን፣ ስሰፍር፣ ስቀቅል የኖርሁ።
የላቦራቶሪው ወጥ ቤት ነኝ፤
በዓይን ለማይታይ እንግዳ ገበታ አቀርባለሁ።

ኦስካሪ ከደቡብ መጣ፣ ኅዳር ሲጠባ፣ በውርጭ ማለዳ፣
ጫማው አዲስ፣ አፉ ፈጣን፣ ቁርስ የማይጠብቅ እስኪሰናዳ።
በረዶውን በስቶ፣ ከሥሩ ጥቁር ውሃ ቀድቶ፣
«ማን እንደሚኖርበት» አለ «እናያለን፣ ሦስት ቀን ቆይቶ።»

«ምን ላብስልላቸው?» አልሁት።
«ምርጡን! የሥጋ መረቅ፣ እርሾ፣ ስኳር፣
ሙሉ ልክ፣ ሳትሰስቺ፤ ማርጊያውም አጋር።»
አጋር የባሕር ሣር ጭማቂ ነው፤ ፈልቶ ይቀልጣል፣ በርዶ ይረጋል፤
ራሱ አይበላም፤ ለሚበላው ወለል ሆኖ ይተኛል።
(ስሙን ያወጣለት ሰው ትዳር ያውቃል።)

በማግሥቱ ሳህኖቹ ሞልተው አደሩ፤
ቢጫው በነጩ ላይ ወጥቶ፣ ዝልግልጉ ሁሉን ውጦ፣
ያልተጠራ ጎረምሳ ሰርግ ቤት ገብቶ እንደሚፈነጭ ጠጥቶ።
ኦስካሪ ቆጠረ፣ ፎቶ አነሣ፣ ጻፈ፤ ፊቱ በራ።
እኔ ግን አውቃቸዋለሁ፤ እነዚያው ናቸው በየተራ፤
ከቧንቧ፣ ከአበባ ማሰሮ፣ ከሰው መዳፍ፣ ከኩሬ፣
ቀድመው የሚነጥቁ፤ የትናንቶቹ ናቸው የዛሬ።

«ይህን ሐይቅ» አልሁት «ማን መረቅ አብልቶት ያውቃል?»
«ምግብ ምግብ ነው ሂልካ» አለኝ፤ «የተራበ ሁሉ ይበላል።»

ዝም አልሁ።
የእናቴን ወንድም ታውኖን አሰብሁ፣
ያላየሁትን ሰው፣ በወሬ የማውቀውን።
ከምርኮ ሰፈር የተመለሰ ለት
ሠላሳ ስምንት ኪሎ ነበር፤ ኮቱን ሰው የለበሰው አይመስልም።
አያቴ አሳማ አሳረደች፣ ቅቤ አወጣች፣
«ብላ ልጄ፣ ብላ ዓይኔ» እያለች ቆርሳ አጎረሰች።
በላ። ሳቀ። ሌሊት ልቡ ቆመ።
ሦስት ዓመት ርሃብ የማረውን፣
አንድ ማታ ጥጋብ አረደው።
አያቴ እስክትሞት ድረስ፣ ማንኪያ ባየች ቁጥር፣
«በዚህ ነበር» ትላለች፤ «ቀስ እያልሁ፣ በዚህ ነበር።»

ያን ማታ መብራት ሲጠፋ ብቻዬን ቀረሁ፤
የሐይቁን ውሃ ራሱን በስስ ማጣሪያ አጠለልሁ፤
እርሾ ለዓመል፣ በሁለት ጣት፣ ከአሥር አንድ እጅ ሰፈርሁ፣
ደግሞ ያንኑ ለአሥር ከፈልሁ።
ጨውና አጋሩን ለየብቻ ቀቀልሁ፤
አብረው ሲፈሉ መርዝ ይወልዳሉ።
በሐይቁ ብርድ ልክ፣ ከአሮጌ ጠርሙሶች ኋላ፣ ሸሸግኋቸው።

ፀሐይ ሄደች። እዚህ ስትሄድ ሳምንታት አትመለስም።
ሳህኖቹ ባዶ። ገና አለፈ፤ ባዶ።
ኦስካሪ አንድ ቀን አገኛቸው።
«ምንም የለባቸው፤ ልጣላቸው?»
«ጾም ላይ ናቸው» አልሁት፤ «እስኪገድፉ ተዋቸው።»

በዘጠነኛው ሳምንት፣ ፀሐይ ተመልሳ፣ በቀትር፣ ለአንዲት ሰዓት፣
አንዱን ሳህን አዘንብዬ ብርሃኑ ላይ ያዝሁት፤
የመርፌ ጫፍ ነክቶት ያለፈ የመሰለ፣
ትንፋሽ መስተዋት ላይ ትቶት የሄደው ጤዛ ያህል፣
አሥራ አንድ ነጥብ።

ጠራሁት። ጎንበስ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ተናገረ።
«ምን አበላሻቸው?»
«ቤታቸውን።»
«ልኩን ንገሪኝ፣ ልጻፈው።»
ሁለት ጣቴን አሳየሁት።
«ጣት ልክ አይደለም!» ብሎ ተቆጣ።
ልክ ነው፤ ጣት ልክ አይደለም።

ወደ አዲስ ሳህን ስናዛውራቸው ዘጠኙ ሞቱ።
ሁለቱ አሉ። ስም የላቸውም፤
ዛሬ ማለዳ ሳያቸው አልጨመሩም፣ አልቀነሱም።
ኦስካሪ ከምድጃዬ አጠገብ ቆሞ እርሾ ይቆነጥራል፣
ይመዝናል፣ ያራግፋል፣
እንደገና ይቆነጥራል።